የመስከረም የእጅ ሥራ

ማንጠልጠያዎቹ ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ነው የተመቱት። ይህ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ የትከሻ ቁመት አካባቢ ነው። ልጁ ሳይንጠራራ፣ አዋቂም ሳይጠራ ቦርሳውን ሰቅሎ ይገባል። ከእያንዳንዱ ማንጠልጠያ በላይ የካርቶን ቁራጭ ተለጥፏል። ከላይ ሥዕል አለ፤ ጀበና፣ ዶሮ፣ ጃንጥላ ወይም ዓሣ። ከታች የልጁ ስም በጉልህ ተጽፏል። በሥዕሉና በስሙ መካከል አንድ ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተትቷል።

ባዶው ቦታ የመቀስ መንገድ ነው። በመስከረም ልጁ የሚፈልገው ሥዕሉን ነው፤ «እኔ ጀበና ነኝ» ብሎ ቦታውን ያገኛል። ዓይኑ ግን በየቀኑ፣ ጠዋትም ማታም፣ ስሙ ላይ ያርፋል። ጥቅምት ሲጋመስ መምህርቷ ሥዕሎቹን በዚያ ክፍተት ትቆርጣቸዋለች። ስሙ ብቻውን ይቀራል፤ ልጁም ቦታውን አይስትም።

ሌላም የታሰበበት ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ ብሩክና ብሌን ጎን ለጎን አይሰቀሉም። ገና ጀማሪ የሆነ ልጅ ከስሙ የሚይዘው የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ስለሆነ ሁለት «ብ» አጠገብ ላጠገብ ከተቀመጡ ይጣላሉ። ሥዕሎቹ ከተቆረጡ በኋላ ግን መምህርቷ ሆን ብላ ሁለቱን ታጎራብታቸዋለች። ያኔ «ብ» አይበቃም፤ «ሩ» እና «ሌ» መታየት አለባቸው። ማንም ሳያስተምር ሁለተኛው ፊደል ተነበበ ማለት ነው።

ይህ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኝ የኦ ክፍል ነው። ኦ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የተስፋፋው በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ነው። አንደኛ ክፍል ሊገቡ ጥቂት የቀራቸው ልጆች በነፃ የሚማሩበት ነው። ክፍሉ ውስጥ ከውድ ዕቃ የሚቆጠር የለም። ካርቶን፣ ቆርኪ፣ ኮላ፣ የዘይት ቀለም፣ የልብስ መቆንጠጫ። ሥራው ያለው እነዚህ የሚገጣጠሙበት ላይ ነው።

በሩ ላይ የሚሆነውን ልብ ብዬ አይቼዋለሁ። እናት ልጇን ይዛ ስትደርስ መምህርቷ ቁጢጥ ትላለች፤ ዓይኗ ከልጁ ዓይን እኩል ይሆናል። ሰላምታው አጭር ነው። ወዲያው ቆርኪ የሞላበት የፕላስቲክ ዕቃ ታቀብለውና «ይህን ጠረጴዛው ላይ አድርስልኝ፣ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ዕቃው በአንድ እጅ አይያዝም፤ አፉ ሰፊ ነው፣ ክዳንም የለውም። ስለዚህ ልጁ ሁለት እጁን ይዘረጋል። ሁለት እጁን ሲዘረጋ የእናቱን ነጠላ ይለቃል። ቆርኪው እንዳይፈስ እርምጃውን ያያል፤ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌሎች ልጆች ቆርኪ እየደረደሩ ያገኛቸዋል።

እናቲቱ ግን ተደብቃ አትሄድም። መምህርቷ ይህን አጥብቃ ትከለክላለች። «ደህና ዋል፣ ከእንቅልፍህ ስትነሣ እመጣለሁ» ብላ፣ ልጁ እያያት ነው የምትሄደው። ሰዓት አይጠራም። ልጁ ዘጠኝ ሰዓት የሚባለውን አያውቀውም፤ ከእንቅልፍ መነሣትን ግን ያውቃል።

ለዚህም ግድግዳው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ ስድስት ሥዕሎች በተርታ ተንጠልጥለዋል፤ ቁርስ፣ ፊደል፣ ጨዋታ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ቤት። አንድ ቀይ የልብስ መቆንጠጫ ከሥዕል ወደ ሥዕል ይዛወራል። የሚያዛውረው በየቀኑ ተራው የደረሰው ልጅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንዷ እያለቀሰች «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ስትል የመምህርቷ ረዳት እጇን ይዛ ገመዱ ጋ ወሰደቻት። መቆንጠጫው ጨዋታ ላይ ነበር። ልጅቷ የቀሩትን ሥዕሎች በጣቷ ነካቻቸው፤ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ቤት። ለቅሶው ወዲያው አልቆመም። ጥያቄው ግን መልስ አገኘ፤ መልሱም አዋቂው በቃሉ የሰጣት ተስፋ ሳይሆን ራሷ በጣቷ የነካችው ነገር ነው።

እጅ መታጠብ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ነው። ብዙ ልጅ፣ ጥቂት ውሃ፣ እርጥብ ሲሚንቶ። ግቢው ውስጥ ያለው ሮቶ አራት ቧንቧ አለው። ከእያንዳንዱ ቧንቧ ፊት ሲሚንቶው ላይ ጥንድ የእግር ዱካ በነጭ የዘይት ቀለም ተስሏል፤ ከኋላውም በሁለት እርምጃ ርቀት ሌላ ጥንድ። አራት ልጅ ይታጠባል፣ አራት ልጅ ይጠብቃል። ከዚያ በላይ ግቢው ውስጥ የለም። የቀሩት ክፍል ውስጥ ከረዳቷ ጋር ናቸው። እኔ ብዙ ትምህርት ቤት የማየው ረጅም ሰልፍ እዚህ የለም፤ ልጅ የሚገፋፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰልፍ ላይ ነው።

የሁለት እርምጃው ርቀት ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የሚጠብቀው ልጅ እጁን ቢዘረጋ የሚታጠበውን ጀርባ አይነካም፤ የሚታጠበው የሚያደርገውን ግን አንድ በአንድ ያያል። ቧንቧ መክፈት፣ ማርጠብ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ ሳሙና፣ ማሸት፣ መክፈት፣ ማለቅለቅ፣ መዝጋት። ስምንት ነገር ነው። ሳሙናው በመረብ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ከቧንቧው ጎን ተንጠልጥሏል፤ አይወድቅም፣ ውሃ ውስጥም አይሟሟም፣ መረቡም አረፋ ያወጣል። እጅ በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ መታሸት አለበት ይባላል። እዚህ ከአንድ እስከ አሥር በዝግታ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ አንዴ ለመዳፍ፣ አንዴ ለእጅ ጀርባና ለጣቶች መካከል። የሚጠብቁት አራቱ አብረው ይቆጥራሉ። እያንዳንዱ ልጅ ተራ ሲጠብቅ ሁለቴ፣ ሲታጠብ ሁለቴ አሥር ይደርሳል። ይህ ከቁርስ በፊትም፣ ከምሳ በፊትም ነው። ከመስቀል በፊት ቁጥር የሚባል ትምህርት ገና አልተጀመረም፤ ልጆቹ ግን አሥርን ይዘውታል።

ኮዳ መክፈትም ይለማመዳሉ። በውሃ አይደለም፤ በባዶ ኮዳ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሆድ ሳይርብ። ክዳኑን በቀኝ፣ ኮዳውን በግራና በጉልበት መካከል። በምግብ ሰዓት «ቲቸር ክፈችልኝ» የሚል ድምፅ የሚቀንሰው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ዓይኔን የያዘው እሱ ነው።

በጆሮ ትምህርቱ እንደ ወጉ ከ«ሀ» ይጀምራል። በጣት ግን ከ«በ»። መምህርቷ የብስኩት ካርቶን ስፋቱን 15፣ ቁመቱን 20 ሳንቲ ሜትር አድርጋ ትቆርጣለች። «በ»ን በእርሳስ ትነድፋለች። የመስመሩ ውፍረት የልጅ ሁለት ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት፣ ተገጣጥመው የሚይዙትን ያህል ነው። መስመሩን ኮላ ትቀባለች። በሻይ ማጥለያ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ትበትንበታለች። ትንሽ ጠብቃ ካርቶኑን ገልብጣ ታራግፈዋለች። ሲደርቅ እንደገና በስሱ ኮላ ቀብታ ሁለተኛ ትበትናለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ በጣት ብዛት ቶሎ ይመለጣል። በመጨረሻ የፊደሉ ግራ ትከሻ ላይ ቀይ ነጥብ ታደርጋለች። ጣት ከዚያ ይነሣል፤ በግራ እግር ይወርዳል፣ ተነሥቶ ወደ ነጥቡ ይመለሳል፣ ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ በቀኝ እግር ይወርዳል። ጣቱ ከመንገዱ ከወጣ ካርቶኑ ይለሰልስበታል፤ ስለዚህ ስሕተቱን የሚነግረው መምህርቷ ሳትሆን ጣቱ ነው።

የሸካራ ፊደል አሳብ ከማሪያ ሞንቴሶሪ የመጣ ነው፤ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር በከፈተችው የልጆች ቤት የላቲን ፊደላትን በብርጭቆ ወረቀት ትሠራ ነበር። ለኛ ፊደል ግን ነገሩ ከዚያ ያልፋል፤ የኛ ፊደል ቤተሰብ አለውና።

«በ»ን አስቀድማ የመረጠችበት ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። ሁለቱ እግሮቹ ቀጥ ያሉ፣ እኩል፣ ባዶ ናቸው። የቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጭረት ስትወጣ «ቡ»። ጭረቷ ወደ እግሩ ጫፍ ስትወርድ «ቢ»። ግራው ሲያጥር «ባ»። ቀኙ ጫፍ ላይ ቀለበት ሲታሰር «ቤ»። ጭረቷ ወደ ግራ እግር ስትዞር «ብ»። ቀኙ ሲያጥር «ቦ»። እያንዳንዱ ለውጥ አንድ ብቻ ነው፣ ቦታውም የታወቀ። ስለዚህ አንድ የካርቶን «በ» ሠርታ ጭረቷንና ቀለበቷን ለብቻ ቆርጣለች። ልጁ ጭረቷን ከወገብ ወደ ጫፍ ያንሸራትታትና ድምፁን ይለውጣል፤ ቡ፣ ቢ፣ ቡ፣ ቢ። ለሚያጥረው እግር ደግሞ የእግሩ ግማሽ የሚታጠፍበት መስመር አለው። ከ«በ» ቀጥሎ «ሰ» ይመጣል፤ ያንኑ ጭረት፣ ያንኑ ቀለበት ይቀበላል። «ረ»ና «ፈ» ከዚህ ሥርዓት ስለሚወጡ ለበኋላ ይቆያሉ። የ«ሀ» ቤተሰብም እንደዚሁ፤ በዜማ ከሁሉ ቀድሞ፣ በጣት ከሁሉ ዘግይቶ።

የፊደል ገበታው ግድግዳ ላይ አለ፤ 33 ተራ በ7 ዓምድ፣ 231 ፊደል። ልጆቹ በዜማ ከዳር እስከ ዳር ያንበለብሉታል። ዜማው ያምራል፤ አደጋውም እዚያው ነው። «ሀሁሂ» ብሎ የሚዘልቅ ልጅ ነጠላ «ሂ» ሲያሳዩት ከ«ሀ» ካልጀመረ ላያውቃት ይችላል። የኔታዎች ይህን ከድሮ ያውቁታል። ሀሁ የዘለቀ ልጅ አቡጊዳ የሚገባው ለዚህ ነው፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ከየቤተሰቡ አንድ ይወሰዳል፣ ሆሄው ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተራው ይሄዳል። ዜማ የለመደው አፍ መንገድ ያጣል፤ ዓይን ፊደሉን ማየት ይገደዳል። ይህን የሠራው አእምሮ ልጅ የት ላይ እንደሚያጭበረብር በሚገባ ያውቅ ነበር።

መምህርቷ አቡጊዳን ለኦ ክፍል አታስተምርም። አሳቡን ግን ወስዳዋለች። ገበታውን የሚሸፍን ካርቶን አላት፤ መሐሉ ላይ የአንድ ፊደል ቤት የሚያህል መስኮት ተቆርጧል። ካርቶኑን ወደፈለገችው ታንሸራትትና አንድ ፊደል ብቻ ይታያል። ላዩም ታቹም ጎኑም የለም። መጀመሪያ የምታሳየው አንድ ቤተሰብ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቡ፣ ቦ፣ በ። ከዚያ በሁለት ቤተሰብ መካከል።

መስከረም ደግሞ ይቋረጣል። ትምህርት ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ደመራና መስቀል ይመጣሉ፤ ልጆቹ ቤት ይውላሉ፣ አንዳንዶቹም ከወላጆቻቸው ጋር አገር ቤት ሄደው ይሰነብታሉ። መምህርቷ ዕቅዷን ያወጣችው ይህን ቆጥራ ነው። ከመስቀል በፊት ለእጅና ለእግር የሚሆነውን ብቻ ታስለምዳለች፤ ማንጠልጠያ፣ ዱካ፣ ገመድ፣ ኮዳ። የአሸዋው «በ» የሚወጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ሲመለሱ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ለክለሳ ይውላል፤ ከቦርሳ መስቀል ጀምሮ፣ እንደ አዲስ፣ ሳትቸኩል።

ጥቅምት ላይ ቤት የቀየረ ቤተሰብ አንዲት ልጅ አመጣ። መምህርቷ እጅ መታጠቡን ራሷ አላስተማረቻትም። አንድ ወንድ ልጅ መርጣ «አሳያት» አለችው፤ ራሷም ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች። ልጁ ዱካው ላይ አቆማት፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ አረጠበ፣ ወደ ሳሙናው እጁን ሰደደ። ቧንቧውን መዝጋት ዘሎታል። መምህርቷ አላረመችውም። ሌሎች ሁለት ልጆች ሲታጠቡም አየች፤ እነሱም ዘለሉት። በማግስቱ ጠዋት ከቁርስ በፊት ክፍሉን በሙሉ አራት አራት እያደረገች ሮቶው ጋ አወጣችና ያቺን ሦስተኛዋን ብቻ አስለመደቻቸው፤ ማርጠብ፣ መዝጋት፣ ማርጠብ፣ መዝጋት።