የሰሚ ዕዳ፦ የባልንጀሮች ጨዋታ በጎጃም፣ ከቅኔ ነገራ እስከ ቴሌግራም

የጎጃም ቅኔ ቤቶች በተነሱ ቁጥር ጥናቱ የሚያዘነብለው ወደ መምህራኑና ወደ ቅኔያቸው ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ የሚወደሱት ባፈሯቸው ሊቃውንት ነው። ከትምህርቱ ጎን ለጎን የሚካሄደው የባልንጀሮች ጨዋታ ግን ብዙም ቁብ አልተሰጠውም። የሰሙትን ጉድ ማውጋት፣ የሌላ ደብር ሊቅ ተናገረ የተባለውን መቀባበል፣ ያልበሰለ ሐሳብ ወርውሮ ጓደኛ ምን እንደሚል መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ እንደ ሥራ ፈት ወሬ ታልፏል። ዛሬ ያው ጨዋታ ወደ ስልክ ገብቶ በቴሌግራምና በፌስቡክ ግሩፖች ሲካሄድ ደግሞ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጥበታል። አንዱ ወገን ባህል ታደሰ ብሎ ያጨበጭባል፤ ሌላው ባህል ረከሰ ብሎ ያዝናል።

ሁለቱም ወገኖች የሚመዝኑት የሚወራውን ነገር ነው። በዚህ ዳሰሳ የምከራከረው ሚዛኑ ሰሚው ላይ መሆን አለበት ብዬ ነው። በጎጃም ደጋ የባልንጀሮች ጨዋታ ዕውቀት ሲያፈራ የኖረው ሰሚውን ባለዕዳ ስለሚያደርግ ነው። የሰማ ሰው ይፈታል፣ ይመልሳል፣ ወይም አለማወቁን አምኖ ይከፍላል። አዲሱ መድረክም መመዘን ያለበት ይህን ዕዳ ጠበቀው ወይስ ሰረዘው በሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለት ቤት ይዞ መቅረብ

የቅኔ ተማሪ የየኔታን ዘረፋ ሰምቶ፣ ግሱንና አገባቡን ይዞ፣ ከሰው ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ጀማሪው የሚነሳው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ባለ 3 ቤቱን ዘአምላኪየ፣ ባለ 6 ቤቱን ሥላሴ እያለ ይወጣና ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። የነገራው ሰዓት፣ ማለትም ቅኔውን ለየኔታ የሚያሰማበት ጊዜ፣ ሲደርስ የቆጠረውን ይዞ ይቀርባል። ቤቱ ካልመታ፣ ግሱ ከባለቤቱ ካልተስማማ፣ ሰሙ (የላይኛው ትርጉም) ወርቁን (የተሰወረውን) ካልሸፈነው ወይም ጭራሽ ከቀበረው፣ እዚያው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አይቻልም፤ የሌላውን እንደ ራስ አድርጎ መናገርማ ነውር ነው።

ይህ ሥርዓት ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ ያለውንም ጨዋታ ይገዛዋል። ተማሪዎቹ ማታ ጎጆ ውስጥ ደበሏቸውን ደርበው፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ያመጡትን ቁራሽ ሲካፈሉ ወሬው ይመጣል። ከሌላ ጉባኤ ቤት የመጣው ተማሪ እገሌ የተባሉት የኔታ በእገሌ ክብረ በዓል ምን ዓይነት ሥላሴ እንዳበረከቱ፣ አለቃው እንዴት እንደተቆጡ፣ ሕዝቡ ሰሙን ሰምቶ ሲስቅ ወርቁ የገባው አንድ ሽማግሌ ብቻ እንዴት እንዳቀረቀረ ይተርካል። ተራኪው ቅኔውን ካለ በኋላ ዝም ይላል፤ ወርቁን የማግኘቱ ሥራ የሰሚዎቹ ነው። አንዱ ይሞክራል፣ ሌላው ያርመዋል፣ ሦስተኛው ተራኪው ያላሰበውን ሦስተኛ ትርጉም ያወጣል። እንዲህ ነው ተራው ወሬ ሳይታወቅ ፈተና የሚሆነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስጦታ አለ፤ ራስ የቆጠሩት ቅኔና ከሌላ የሰሙት ወሬ። ሁለተኛው ክብር የሚያገኘው ከመጀመሪያው ነው። ቀን የራሱን ሁለት ቤት ይዞ ቀርቦ የታረመ ተማሪ ብቻ ነው ማታ የሊቁን ቅኔ ሲያወራ የሚደመጠው፤ ሙያውን ያውቀዋልና። ዓይነ ሥውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ጽላሎ ወንበር ዘርግተው ማስተማራቸው የዚህን ሥርዓት ጥንካሬ ያሳያል። የሚታይ ጽሑፍ በሌለበት፣ በወንዶች በተሞላ ሙያ ውስጥ፣ መምህርነታቸው የቆመው ሰምቶ በመያዝና ወዲያው በማረም ላይ ነበር። ሥልጣን የሚገኘው ከጆሮ ከሆነ የሰሚው ድርሻ ከተናጋሪው አያንስም።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ ርእስ የወሰደው ከሰምና ወርቅ ነው። ሌቪን ይህን የንግግር ስልት ማኅበራዊ ጥቅሙን ቢያውቅለትም ግልጽነት ለሚሻው ዘመናዊ ኑሮ የማይመች ጎን እንዳለው አጥብቆ ተናግሯል። ትንታኔው የሚያተኩረው በሚሸሽገው ሰው ላይ ነው፤ ማን ከማን ምን ይደብቃል የሚል ነው። ከቅኔ ቤቱ ጎጆ ሲታይ ግን ሰምና ወርቅ የሥራ ክፍፍልም ነው። ተናጋሪው ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ለጓደኛው ይተውለታል። ድብብቆሽ የሚመስለው ነገር ሰሚውን ወደ ጨዋታው መጎተቻ መንገድ ነው።

አገር ስጠኝ

ዕዳው በቅኔ ቤት ቢከር እንጂ ከዚያ አልተወለደም። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው እንቆቅልሽ በዚሁ ሕግ ይመራል። ጠያቂው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው መልሱን ካጣ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ሰጠሁህ፣ አይሆንም፤ ሸዋን ሰጠሁህ፣ እሺ። አገሩን የተቀበለው ልጅ እዚያ ገብቶ የበላውን የጠጣውን፣ የተሾመውን የተሸለመውን እያወራ በሰጪው ላይ ካላገጠ በኋላ ነው መልሱን የሚናገረው። አለማወቅ በነጻ አይታለፍም፤ አገር ያስከፍላል። ልጁ ያን መልስ ዕድሜ ልኩን የማይረሳው ስለከፈለበት ነው።

የቡና ሥርዓቱም ከዚህ አይርቅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ያዋጣል። የሰማኸውን ተናግረህ ስትጨርስ «አንተስ ምን ትላለህ?» መባልህ አይቀርም። ዝም ብሎ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው፣ ክፉ ባይናገርም፣ ሆዱ የማይታወቅ ይባላል።

መልስ ያጣ ሰው

ዕዳው ሲቀር ምን እንደሚሆን ከማንም አስቀድሞ ያሳየው የዚሁ አገር ልጅ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በአካባቢው አድባራት ቅኔ የተማሩ ናቸው። በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሳ ብዙ የሚያስብ፣ ብዙ የታዘበ፣ ስለ ባላባቱም ስለ ካህኑም የሚናገረው ያለው ሰው ነው። የዲማ ሰው ግን አይከራከረውም፣ አያርመውም፣ አይመልስለትም፤ «ጉዱ» የሚል ቅጽል አውጥቶለት ይስቅበታል። እሱም ብቻውን ያወራል።

የጉዱ ካሳ ዕብደት ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው ከዘመኑ የቀደመ ሰው ዕጣ ተደርጎ ነው። ትርጉሙ ስሕተት ባይሆንም ልብ ወለዱ ከዚያ የጠለቀ ነገር አለው። ይኸው «ዕብድ» የቅኔ ሰው ከሆነው ከበዛብህ ጋር ሲገናኝ ንግግሩ ጤነኛ፣ ቅደም ተከተል ያለው፣ ወዳጅነትን የሚወልድ ይሆናል። ሐሳቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰሚው ነው። ሐዲስ በዚህ የሚያሳዩን ኅብረተሰብ አንድን ሐሳብ ለመግደል መከልከል እንደማያስፈልገው ነው፤ እየሳቁ ማለፍ ይበቃል።

ጨዋታው ወረቀት ላይ

ጨዋታን ከባልንጀሮች ክበብ አውጥቶ ለማያውቁት ሰው ማድረስ በስልክ አልተጀመረም። ሐዲስ ራሳቸው በ1948 «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ደግሞ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ለኅትመት አብቅተዋል፤ የሊቃውንቱ ተረብ፣ የተማሪ ቤቱ ረኃብና ጉዳጉድ በጨዋታ ቋንቋ የተመዘገበበት ብርቅ መጽሐፍ ነው። ብርቅ ያደረገው የጠያቂው ልጅ መኖር ነው። አባት የሚያወሩት ለባዶ ቤት አይደለም፤ ልጁ በየመሐሉ ስለሚጠይቅ ወሬው ይዞራል፣ ይብራራል፣ ይታረማል።

አብዛኞቹ የቅኔ መድበሎች ግን ሌላ ምርጫ አድርገዋል። የሊቁን ስምና ቅኔውን፣ አንዳንዴም የተባለበትን ምክንያት ይሰጡናል፤ ሰሚዎቹ ወርቁን ፍለጋ ያደረጉትን ክርክር ግን ይተዉታል። አንባቢው የተፈታ ነገር ስለሚቀርብለት የሚጠየቀው አድናቆት ብቻ ነው። ማተሚያ ቤት ግን ይህን የግድ አያስከትልም። በ1711 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጸሐፊዎቹ አዲሰንና ስቲል «ስፔክቴተር» የተባለውን ጋዜጣ ሲጀምሩ የቡና ቤቱን ወሬ ወረቀት ላይ ከማዋል አልፈው የአንባቢዎችን ደብዳቤ እያተሙ መልስ ይሰጡ ነበር። ዕዳን መሰረዝም ማቆየትም የአዘጋጁ ፈንታ ነው።

ሼር

ወደ ስልኩ ስንመጣ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ የወጡ ሰዎች በሚያዘወትሯቸው ግሩፖች የሚታየው ዓይነት የታወቀ ነው። ከተማዋ መንቆረር ስትባል ስለነበረው ዘመን የሚያወሳ ጽሑፍ፣ በስልክ ካሜራ የተነሳ የድሮ መጽሐፍ ገጽ፣ ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለው የሚያስታውቅ ቪዲዮ፣ የሠርግ ቀልድ። በመካከሉ ጉባኤ ቃና ብቅ ይላል፤ ሁለቱ ቤቶች፣ ከሥራቸው ሰሙና ወርቁ አንድ በአንድ ተዘርዝሮ፣ ከዚያ የእሳት ምልክት፣ በመጨረሻም «ሼር» የሚል ትእዛዝ። ከሥሩ የሚመጣው ልብና ጭብጨባ ነው። ወርቁ አስቀድሞ ስለተነገረ የሚፈለግ ነገር የለም፤ ቤቱ ቢሰበርም የሚያርም የለም፤ ላኪው የራሱን ሁለት ቤት ይዞ እንዲቀርብ የጠየቀውም የለም።

ከዚሁ ጋር የባለቤትነት ጉዳይ ይነሳል። ተረብ የሆነ ሁሉ ለአለቃ ገብረ ሃና፣ ረቂቅ የሆነ ቅኔ ሁሉ ለተዋነይ፣ ጥልቅ የመሰለ አባባል ሁሉ ለአንስታይን ይሰጣል። ይህን የኢንተርኔት በሽታ ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አፈ ታሪክም ከጥንት ጀምሮ ታላላቅ ስሞችን እንዲህ ሲያለብስ ኖሯል። ልዩነቱ ያለው በመጠየቅ ቅርበት ላይ ነው። ጎጆ ውስጥ «ከማን ሰማኸው? የት ጉባኤ ቤት?» የሚል ጓደኛ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ያልጠራ መልስ የሰጠ ሰው ማግስቱን ስሙ ይነሳል። ፎርዋርድ የተደረገ ነገር ግን ላኪውን ተጠያቂ አያደርገውም፤ እሱም «እንደደረሰኝ» ብሏልና።

የቃላዊነት ተመራማሪው ዋልተር ኦንግ በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሬዲዮና ቴሌቪዥን በጽሕፈት ላይ የቆመ ዳግማዊ ቃላዊነት አመጡ ብሎ ነበር። ይህ በእኛ አገርም በከፊል ይሠራል፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ልብ ወለዱ ወደ ጆሮ ተመልሷል። ነገር ግን ድምፅ መመለሱ ነገራን አይመልስም። ቃላዊነትን ትምህርት ቤት ያደረገው አፍ ለአፍ መገጣጠሙ ነው።

በአማራ ክልል የሆነው ደግሞ ይህን በመራራ መንገድ አሳይቷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለው ተወላጅ ስለ ጎጃም መጻፉን፣ ማዘኑን፣ መከራከሩን ሊቀጥል ይችል ነበር፤ ጎጃም ያለው ሰው ግን በዚያው መድረክ «አይደለም፣ እንዲህ ነው» ብሎ ሊያርመው የሚችልበት መንገድ ተዘግቶ ነበር። ስለ አገሩ የሚወራው በዛ፤ አገሬው ግን ከጨዋታው ወጣ። የወሬው ብዛት የጨዋታውን ሞት ሊሸፍነው እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

በአንጻሩ ዕዳውን የሚያቆይ አጠቃቀም በዚያው መድረክ ላይ አለ። አንዱ ስንኝ ሲለጥፍ ሌላው በኮመንት በራሱ ስንኝ ይመልስለታል፤ ሦስተኛው ቤቱን ጠብቆ ያዞረዋል። ወርቁን ሳይናገሩ ቅኔውን ብቻ ለጥፈው አባላቱን የሚያፋጥጡም አሉ። ጉባኤ ቤት ደጃፍ ለመድረስ ዕድል ያላገኘች ሴት፣ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ያለ የዋሸራ ተማሪ፣ ጎንደር ያለ መምህር በአንድ ክር ላይ ሲከራከሩ ጎጆው ሊሰጥ ያልቻለውን ስፋት ያገኛሉ። ክርክሩም ተጽፎ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ለነገራው ኖሮት አያውቅም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ሒሳዊ ጥያቄው መስተካከል አለበት። አንድ ግሩፕ ቅኔ ስለሚለጥፍ ከፍ፣ ስለ ኦክቶፐስ ስለሚያወራ ዝቅ አይልም። ስለ ኦክቶፐስ የተነሳ ወሬ «ታዲያ ሦስቱ ልብ ምን ይሠራሉ?» የሚል ጠያቂና የሚፈልግ መላሽ ካገኘ ለቅኔ ቤቱ ጨዋታ ቅርብ ነው። ተፈትቶ፣ ተተንትኖ፣ ሼር ተብሎ የሚዞር መወድስ ግን ስምንቱም ቤቱ ቢመታ ከዚያ ባህል ወጥቷል።

ይህ ለሰብሳቢዎችም የሚለው አለው። የጎጃምን ቃላዊ ሀብት የሚሰበስቡ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች እስካሁን ሲለቅሙ የኖሩት የተናጋሪውን ቃል ነው። ከእንግዲህ ሲቀዱ ሰሚዎቹ የሳቱትን፣ የተከራከሩበትን፣ የታረሙበትንም ይቅዱ፤ ከቴሌግራም ሲወስዱም የመጀመሪያውን መልእክት ከነክሩ ይውሰዱ። የአገሩ ዕውቀት ግማሹ የሚገኘው ከመልሱ ውስጥ ነውና፣ መልሱን የጣለ መድበል የሰበሰበው ግማሹን ብቻ ነው።