ለቃሚውና የ1966ቱ ጅማ፦ የቡና ከተሞች በሠራተኛ ታሪካችን ውስጥ

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምጽ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ጸሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ይነሡልን የሚል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አነሧቸው፤ የላኳቸው ግን ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1966፣ የግዛቱ ዋና ከተማ የጅማ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ እኚሁ ገዥ ከወንበራቸው እንዲወርዱ ጠየቀ፤ ኮሚቴ አቋቁሞም ከተማይቱን ለጊዜው በእጁ አስገባ፤ ገዥውም ከሹመታቸው ወረዱ። የጎጃሙን ዓመጽ ገብሩ ታረቀ በሰፊው መርምረውታል። የጅማው ግን በአብዮቱ ታሪክ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባው እንቅስቃሴ ማስተጋቢያ ሆኖ በጥቂት መስመሮች ይታለፋል።

ይህ አካሄድ መታረም አለበት ባይ ነኝ። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በጎማና በጌራ ገበያዎች፣ የሠራተኛ መብትና የዜግነት መብት ጥያቄ ተለያይቶ አያውቅም። የሠራተኛ ታሪካችን የተመዘገበ ማኅበር ያለበትን ቦታ ብቻ እየፈለገ ስለሄደ ይህን ሳያይ ቀርቷል።

ስለ ጅማ የተጻፈው ጥናት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ቤተ መንግሥቱን ይመለከታል። አሜሪካዊው ኸርበርት ሉዊስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አገሩ ላይ ተቀምጦ የጅማውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን መንግሥት አወቃቀር አጠና፤ መጽሐፉ ዛሬም ይጠቀሳል። ሌላው ሸቀጡን ይከተላል። ጉሉማ ገመዳ የቡና ንግድ ማደግና የጅማ ራስ ገዝነት ማክተም የተያያዙ ነገሮች መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ማዕከላዊው መንግሥት በ1924 ዓ.ም. ጅማን በቀጥታ አስተዳደሩ ሥር ሲያስገባ ከሚቆጣጠረው ሀብት ዋናው ቡና ነበር። የሠራተኛው ታሪክ ደግሞ ሌላ ቦታ ተጻፈ። ቶም ኪሊዮን በጥናታቸው፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) መሪ የነበሩት በየነ ሰሎሞንም በትዝታ መጽሐፋቸው ያተኮሩት በባቡር፣ በወደብ፣ በስኳርና በጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ላይ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከግማሽ በላይ ይገኝ የነበረው ከቡና ሆኖ ሳለ ቡናውን የሚለቅመው ሰው በሠራተኛ ታሪክ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ የለውም።

ይህ ሰው ማን ነበር? መልሱ ከባርነት ይነሣል። የጅማው የሂርማታ ገበያ በ19ኛው መቶ ዓመት ከደቡብ ምዕራብ ታላላቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አዋጁ ሰውየውን ነጻ አወጣው፤ መሬት ግን አልሰጠውም። በዚያው ዘመን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዓለም የቡና ዋጋ ሲወጣ፣ ለቡና የሚሆን መሬት ዋጋው ናረ፤ ሹማምንትም ተሻሙበት። በ1940ዎቹ የከፋ ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ራስ መስፍን ስለሺ በሰፊ የመሬት ይዞታቸው በአገር የታወቁ ነበሩ። የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባካሄደው ጥናት ከከፋ ገበሬ ከግማሽ በላዩ ጢሰኛ ሆኖ ተገኘ።

የቡና ጢሰኛ ችግር ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ጢሰኛ ችግር ይለያል። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከያዘ በኋላ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ያፈራል። ጥላ ዛፍ የመረጠው፣ ችግኙን ያወጣው፣ አረሙን የነቀለው ጢሰኛ የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው መሬቱ ላይ ከቆየ ብቻ ነው። ባለ መሬቱም ይህንኑ ያውቃል፤ ስለዚህ ጢሰኛን ከቡና መሬት ማስነሣት ማለት የበርካታ ዓመት ያልተከፈለ ጉልበት ጠቅልሎ መውሰድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የባለ መሬቱ ድርሻ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ እንዲደርስ ፈቀደ። ጢሰኛው አቤት የሚለው ደግሞ ሹማምንቱ ራሳቸው ባለ መሬት ለሆኑበት አስተዳደር ነው። ስለዚህ በከፋ የጠቅላይ ገዥው ማንነት የፖለቲካ ጉዳይ የመሆኑን ያህል የእንጀራ ጉዳይም ነበር። በጌዴኦ ይኸው የቡና መሬት ጥያቄ በ1952 ሚጪሌ ላይ ወደ ጦርነት አመራ። በጅማ መንገዱ ሌላ ሆነ፤ ቅሬታው እየተጠራቀመ በከተማ ፈነዳ።

ከጢሰኛው በታች ደግሞ ወቅታዊው ለቃሚ አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲቀላ ከዳውሮ፣ ከኮንታ፣ ከከምባታና ከሌላም አገር ብዙ ሰው በእግሩ ወደ ጎማና ሊሙ ይመጣል። በለቀመው ልክ ይከፈለዋል፤ ልኩን የሚወስነው ግን የአሠሪው ቅርጫትና የነጋዴው ሚዛን ነው። ነጋዴው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ይገበያያል፤ ለቃሚው የራሱ ሚዛን የለውም። ጀንፈሉ፣ ማለትም ገለባው ያልወጣለት ቡና፣ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ በጆንያ ታስሮ ጣሊያን በጠረገው መንገድ አዲስ አበባ ሲደርስ እንደገና በሰው እጅ ያልፋል። የመጋዘን ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ ያወጣሉ። የሚከፈላቸው ባጸዱት ጆንያ ልክ ነው። ተቆጣጣሪው በእፍኙ ዘግኖ ጥቁር ፍሬ ካገኘ ጆንያው ይመለሳል፤ ያ ድካም ገንዘብ ሳይሆን ይቀራል። ብሔራዊ የቡና ቦርድ በ1950 አካባቢ ተቋቁሞ ወደ ውጭ የሚላከውን ቡና ደረጃ ሲጠብቅ ጥራቱ የተገኘው በእነዚህ ሴቶች ዓይንና ጣት ነው።

ሕጉስ? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዜጎች ለሥራቸው በሕግ መሠረት ማኅበር እንዲመሠርቱ ፈቀደ። ኢሠአማ በ1955 ቆመ፤ በ1956 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 አቋሙን አጸና። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካና የባቡር ሠራተኞች ዋጋ ከፍለውበታል። ይሁንና አዋጁ ለማኅበር 50 አባላትን ጠየቀ። ሕጉ ሲረቀቅ የታየው ሠራተኛ በአንድ አጥር ውስጥ የሚውል፣ ስሙ በደመወዝ መዝገብ የሰፈረ የፋብሪካ ሰው ነው። ለሦስት ሳምንት ከአንድ ገበሬ ዘንድ፣ ለሁለት ሳምንት ከሌላው ዘንድ የሚለቅመው የዳውሮ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ከየት ያመጣል? በዕለት ክፍያ ጆንያ የሚሸከመው የአጋሮ ወዛደርስ? በኔ ፍርድ የኢሠአማ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። በ1966 ወደ 80 ሺህ አባላት ነበሩት፤ ለቃሚውን የሚያቅፍበት ስልት ግን አልቀየሰም።

ማኅበር አልነበረም ማለት ግን መደራጀት አልነበረም ማለት አይደለም። ደቦ ነበር፤ እድር ነበር፤ በመስጊድ ዙሪያ የቆመው ጀመዓ ነበር። ወንጂም ቢሆን የሠራተኛው መደራጀት በመረዳጃ ነው የተጀመረው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ደቦን ባለ መሬቱም ለራሱ እርሻ ይጠራው ነበርና ሁሉንም የመረዳዳት ልማድ የትግል መሣሪያ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይሆንም። ሆኖም ከተማ የሚያስተዳድር ኮሚቴ ከባዶ ሜዳ አይበቅልም።

ከዚህ ተነሥተን ወደ 1966 ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኢሠአማ የካቲት 28 አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ መታ፤ አራት ቀን ቆየ። ሚያዝያ 12 ሙስሊሞችና ደጋፊዎቻቸው የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው አዲስ አበባን አጥለቀለቁ፤ በዓሎቻቸው በመንግሥት እንዲታወቁ፣ መንግሥትና ሃይማኖት እንዲለያዩ ጠየቁ። የጅማ ዓመጽ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መውደቁ ትኩረት ይሻል። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነ፣ አብዛኛው ገበሬዋ ጢሰኛ የሆነ፣ ኑሮዋ በቡና ያደረ ከተማ ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ ገላ ተሸክማ ነበር። ዓመጹን የመሩት መምህራን፣ ተማሪዎችና ነጋዴዎች እንጂ የጉልበት ሠራተኞች አይደሉም የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ዋጋ ሲወድቅ ነጋዴው፣ ተሸካሚውና የጢሰኛው ልጅ እኩል በሚጎዱበት ከተማ ውስጥ የተማሪውን ጥያቄ ከአባቱ የቡና መሬት መነጠል አይቻልም።

ይህን ስል የዓመጹን ወሰን መሸፈን አልፈልግም። ጢሰኛው ራሱ በመኸር ለቃሚ ይቀጥራል፤ ከቀጠረው ሰው ጋር ጥቅማቸው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከባሪያ ዘር ነው ተብሎ የተናቀው፣ ከሩቅ አገር መጥቶ በንቀት ስም የተጠራው ሰው ጥያቄ ከገዥ ይውረድልን ጩኸት በላይ አልተሰማም። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ክፍተት በግልጽ ያሳያል። ጢሰኝነትን ሻረ፤ ለጅማ ገበሬ ይህን የሚያህል ነገር ከዚያ በፊት አልሆነም። በዚያው አዋጅ ግን ገበሬው በይዞታው ላይ ቅጥር ጉልበት እንዳይጠቀም፣ ከአቅመ ደካሞችና ከመሰሎቻቸው በቀር፣ ተከለከለ። በሕጉ ዓይን ወቅታዊው ለቃሚ መብቱ የተጠበቀለት ሠራተኛ ከመሆኑ በፊት ሥራው ራሱ ተሰረዘ። ትላልቆቹ የሊሙ እርሻዎች የመንግሥት ሲሆኑ ለቃሚ መልሶ አስፈለገ፤ አሠሪው ብቻ ተለወጠ።

መንግሥት ለተክሉ ግን ዘወትር አስቦ ነበር። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት በ1945 በኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ ተከፈተ፤ የመልኮ የምርምር ጣቢያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆመ፤ በ1963 የቡና ፍሬ በሽታ ሲገባ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከዚያ ወጡ። የቡናው ዝርያ በቁጥር ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ የለቃሚው ቃል ግን አልተቀዳም። የእርሻ ትምህርት ቤቱ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በ1950ዎቹ በሃያ ዓመታቸው የለቀሙና ያበጠሩ ሰዎች ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል። የዩኒቨርሲቲው የታሪክና የኦሮምኛ መምህራን፣ ከዳውሮና ከከምባታ አቻዎቻቸው ጋር ሆነው፣ የእነዚህን አዛውንት ቃል በየቋንቋቸው አሁኑኑ ይቅዱ፤ የአውራጃ ፍርድ ቤቶች የማፈናቀል መዝገቦችም ለተመራማሪ ይከፈቱ ዘንድ የሚመለከታቸውን እጠይቃለሁ።