ምልክቱና ነዳፊው

በመንግሥታትና በድርጅቶች ጥያቄ የሚነደፍ ምልክት ከሁሉ አስቀድሞ ለአገልግሎት የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ሕዝብ ተቀብሎ ሲገለገልበት የነዳፊው እጅ ከእይታ ይሰወራል። ይሁን እንጂ መሰወርና መሰረዝ አንድ አይደሉም። የዩሮ ምልክት ታሪክ ይህንን ልዩነት አጉልቶ ያሳያል።

የአውሮፓ ኮሚሽን ምልክቱን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በመግለጫው መሠረት ቅርጹ ከግሪኩ ፊደል ከኤፕሲሎን የተወሰደ ሲሆን፣ «አውሮፓ» የሚለውን ቃል መነሻ ፊደል ያስታውሳል፤ ሁለቱ ትይዩ መስመሮችም የገንዘቡን ጽናት ያመለክታሉ። ከቀረቡት ንድፎች 10ሩ ለሕዝብ አስተያየት ቀረቡ፤ በመጨረሻ ከቀሩት 2 መካከል ኮሚሽኑ አንዱን መረጠ። ሥራው የ4 ባለሙያዎች ቡድን ውጤት ነው ተባለ፤ የባለሙያዎቹ ስም ግን አልተገለጸም።

ይህንን ታሪክ የሞገቱት በአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ዋና የግራፊክ ነዳፊ የነበሩት ጀርመናዊው አርቱር አይዘንሜንገር ናቸው። በእርሳቸው አባባል ምልክቱን የነደፉት ከ20 ዓመታት በላይ ቀደም ብለው፣ ለገንዘብ ሳይሆን ለአውሮፓ አጠቃላይ መለያ እንዲሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያርፉ ክርክሩ እልባት አላገኘም ነበር።

ቅርጹ ራሱ ዳኛ ሊሆን አይችልም። አንድ ጎባጣ መስመርና ሁለት አግዳሚዎች ብቻ በመሆኑ፣ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ሊደርሱበት ይችላሉ። ይህ ቁጥብነት ግን የምልክቱ ብርታት እንጂ ድክመት አይደለም፤ ሕፃን በጠመኔ ይጽፈዋል። ድክመቱ ኮሚሽኑ በደነገገው ጥብቅ መጠን ላይ ይታያል፤ በዚህም ምክንያት የኅትመት ፊደል ነዳፊዎች ከየፊደላቸው ጠባይ ጋር አስማምተው እንደገና ቀርጸውታል። ስለዚህ አንባቢ ዕለት በዕለት የሚያየው ምልክት የብዙ እጆች ሥራ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሥራው የጋራ ነውና ስም አያሻውም» ማለት ግን ስሕተት ነው። የጋራ ሥራ ማለት ብዙ ስም ያለው ሥራ ማለት እንጂ ስም የለሽ ሥራ ማለት አይደለም። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1955 ያጸደቀው ባለ 12 ኮከብ ሰንደቅ ዓላማም ከክርክር አላመለጠም፤ የአርሰን ሃይትስና የፖል ሌቪ ስም በየፊናው ይነሣል። ሆኖም የሃይትስ ንድፎች በምክር ቤቱ መዝገብ ቤት ስለሚገኙ ተመራማሪ አገላብጦ ሊፈርድ ይችላል። የዩሮ ነዳፊዎች ሰነድ ግን ለሕዝብ ስላልተከፈተ፣ የአይዘንሜንገር አቤቱታ እውነትም ይሁን ሐሰት ሊረጋገጥ አልቻለም።

ምልክቱ የሕዝብ ከሆነ፣ የአፈጣጠሩ መዝገብም የሕዝብ ሊሆን ይገባል። ለነዳፊ የሚገባው ክብር ከዚህ ይጀምራል።