በጤፍ ዳር ያለው ኑግ

በጤፍ ማሳቸው ዙሪያ ኑግ የሚዘሩ ገበሬዎችን ሳላደንቅ አላልፍም። የመጀመሪያው ሐሳባቸው ከብት ነው፤ ኑግ ለከብት አፍ ስለማይጥም ላሙም በሬውም እምብዛም አይደፍረው። ያለ እሾህና ያለ ሽቦ አጥር ተገኘ ማለት ነው፣ ያውም ዘይት የሚሰጥ አጥር!

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን አበባው ነው። ኑግ በራሱ ብናኝ እንደ ልብ አያፈራም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ነፍሳት፣ በተለይም ንብ፣ ያስፈልገዋል። ከመስቀል በኋላ ፀሐይ ሞቅ ሲል ማሳው ዳር ቆም ብላችሁ እዩ፦ ንቧ ከአንዱ ቢጫ አበባ ተነሥታ ሌላው ላይ ስታርፍ የኋላ እግሮቿ በብናኝ አብጠዋል። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ጤፉ እንኳ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የንብ ውለታ የለበትም፤ አጠገቡ ያለው ባቄላ ግን ይጠቀማል።

አበባ ባለበት ንብ ብቻ አይመጣም። ጥቃቅን ተርቦችና አየር ላይ ቀጥ ብለው የሚያንዣብቡ ዝንቦችም የአበባ ማር ይፈልጋሉ። የእነዚህ ዝንቦች እጮች ክሽክሽ ይበላሉ፤ ተርቦቹ ደግሞ እንቁላላቸውን በተባዩ ሰውነት ውስጥ ይጥላሉ፤ የሚፈለፈለው እጭ ተባዩን ከውስጥ ይጨርሰዋል።

እንግዲህ ኑጉ ሲያብብ ፀረ ተባይ መርጨት ግድ ከሆነባችሁ፣ ንቦቹ ቀፎ ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁን። ቀፎ ላለው ጎረቤትም አስቀድማችሁ ንገሩት።