ቁጥርና ትርጉሙ፦ የዋየርሻርክ ምንጭ ኮድ እንደ ማስተማሪያ ሲመዘን

በኮምፒውተር መረብ የሚተላለፍ መልእክት ስለ ራሱ የሚናገረው በቃል ሳይሆን በቁጥር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ፈትቶ የሚያሳየው ዋየርሻርክ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ኢቴሪያል በሚል ስም የወጣና በ2006 እ.ኤ.አ. የአሁኑን ስያሜ ያገኘ ፕሮግራም ነው። ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ በቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ለንባብ ሊቀርብ ይችላል፤ ስለዚህም እንደ ማንኛውም የማስተማሪያ ጽሑፍ ሊመዘን ይገባዋል።

የኮዱ ዋነኛ ብልሃት ሠንጠረዥ ነው፤ ይኸውም በአንድ ወገን ቁጥር፣ በሌላው ወገን ስም ይሰፍርበታል። ለምሳሌ በመረቡ ላይ ችግር መኖሩን በሚያስታውቀው አይሲኤምፒ ውስጥ፣ በዓይነት ቦታ የተጻፈ 8 የጥሪ፣ 0 የጥሪ መልስ፣ 3 ደግሞ «መድረሻው አልተደረሰበትም» የሚል ፍች አለው። በሠንጠረዡ የሌለ ቁጥር ሲያጋጥም ፕሮግራሙ በግምት ስም አያወጣለትም፤ «ያልታወቀ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ጥንቃቄ ለተማሪ አርአያ ስለሚሆን ሊመሰገን ይገባዋል።

ሆኖም ሠንጠረዡ ብቻውን ሲነበብ ያሳስታል። ከዓይነቱ ቀጥሎ ሌላ ቁጥር አለ፤ እርሱም 3 ሲሆን የተጠራው ወደብ አልተገኘም ማለት ነው። እንግዲህ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት 3ቶች ልዩ ልዩ ነገር ይናገራሉ። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው፤ የጎደለው በወደቡ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያውን ስም ብቻ ያነበበ ተማሪ ግን ያልተበጠሰ ገመድ ሲፈትሽ ይውላል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ለ6ኛው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል በተዘጋጀው አይሲኤምፒ፣ «አልተደረሰበትም» የሚለው ዓይነት ቁጥር 1 ሲሆን፣ 3 «ጊዜው አለፈ» ማለት ነው። ሁለቱ ሠንጠረዦች በተለያዩ ፋይሎች ስለሚገኙ፣ አንዱን የሸመደደ ሌላውን በተሳሳተ መንገድ ይፈታዋል። በክፍል መዝገብ ተራ ቁጥር የሆነው 3፣ በውጤት ሰሌዳ ነጥብ እንደሚሆን መምህራን ያውቃሉ፤ ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በመሆኑም ኮዱ ጠቃሚ መማሪያ የሚሆነው፣ ሠንጠረዡ ከሚጠራው የፕሮግራም ክፍልና በ1981 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአይሲኤምፒ ደንብ ጋር አብሮ ሲነበብ ነው። ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም «3 ምን ማለት ነው?» የሚለውን የፈተና ጥያቄ «ይህ 3 የተገኘው የት ነው?» በሚለው ቢተኩት፣ ሽምደዳ ለማስተዋል ቦታውን ይለቃል።