ናሱን ከማድነቅ በፊት

የድሮ መልክ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ያስገጠመ ሰው ለእንግዳ ቀድሞ የሚያሳየው መልኩን ነው። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ማብራት እመርጣለሁ። ጥሩ ማብሪያ ማጥፊያ ጣት ሲገፋው መጀመሪያ ጠንከር ይላል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ ድምፁም አጭርና ደረቅ ነው። መሃል መንገድ ላይ ቆሞ የሚቀር ወይም ሲነካ እንደ መንሾካሾክ ያለ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ መልኩ ቢያምርም አይግዙት።

ይህ ዝላይ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። በቀደምቶቹ ማብሪያዎች ውስጥ የሚነካኩት ሁለት ብረቶች በሰው እጅ ፍጥነት ቀስ ብለው ስለሚለያዩ፣ በመካከላቸው የሚፈጠረው ብልጭታ ጫፋቸውን ይበላው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 የኒውካስሉ እንግሊዛዊ ጆን ሄንሪ ሆልምስ ብረቶቹን በስፕሪንግ ኃይል በቅጽበት የሚያላቅቅ ማብሪያ ሠራ። ዛሬ ጆሯችን የሚወደው ያ ድምፅ የዚያ መፍትሔ ውጤት ነው። የድሮ መልክ ይዞ ይህን ዝላይ ያልያዘ ዕቃ ከድሮው የወረሰው ቅርፊቱን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቁሱን ይመርምሩ። በናስ ስም የሚሸጠው ሁሉ ናስ ስላልሆነ ትንሽ ማግኔት ይያዙ፤ ከተጣበቀ ከላይ የተቀባ ብረት ነው፣ ቅቡ ሲለቅም ይዝጋል። እውነተኛ ናስ ቫርኒሽ ካልተቀባ ጣት በሚነካው ቦታ እያበራ በዳር እየጠቆረ ይሄዳል፤ ለእኔ ይህ ውበቱ ነው፣ የማይወደው ግን ከመግዛቱ በፊት ይወቅ። ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈለሰፈው ባክላይት ጠንካራና ሙቀት የሚችል ቢሆንም ብሎኑን ከልክ በላይ ካጠበቁት ይሰነጠቃል። ፖርሴሊንም እንደዚሁ። የጀርመኑ በርከር በሮዘንታል ፖርሴሊን የሚያሠራቸውን የ1930ዎቹ ዓይነት የሚሽከረከሩ ማብሪያዎች አይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ተራ ነጭ ፕላስቲክን ፖርሴሊን ብሎ ሊያሞኘው የሚመጣን ነጋዴ በቀላሉ ይለያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ናስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከሽፋኑ ጀርባ አንድ የፌዝ ሽቦ ላልቶ ናሱን ቢነካ፣ በጨለማ ለማብራት የተዘረጋው እጅ 220 ቮልት ያገኘዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የብረት ሽፋን ላይ አረንጓዴና ቢጫው የኤርዝ ሽቦ በራሱ ብሎን መታሰር አለበት፤ ሽቦው እስከ መሬት ድረስ አለመቋረጡም በመሣሪያ መለካት አለበት። በአዲስ አበባ በብዙ አሮጌ ቪላዎችና ጭቃ ቤቶች ግን ወደ ማብሪያው የሚወርዱት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ ቤት አዲስ መስመር ካልተዘረጋ በቀር ምርጫው ባክላይት ወይም ፖርሴሊን ነው። ኤርዝ በሌለበት ግድግዳ ላይ ናስ የገጠመ ባለሙያ፣ የውሃ ልኩን የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ሥራው መጥፎ ነው።

ሌላው ምልክት አምፖሉ ላይ ይታያል። መብራቱን አጥፍተው ክፍሉን ያጨልሙ። የኤልኢዲ አምፖል ደብዘዝ ብሎ መብራቱን ከቀጠለ፣ ማብሪያው ፌዙን ትቶ ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። ረጅም ጎን ለጎን የተዘረጋ ሽቦም ይህን ስለሚያመጣ በቴስተር ይረጋገጥ። ፌዙ ካልተቆረጠ ግን አምፖል ለመቀየር የሚወጣ ሰው የጠፋ መስሎት ሕያው ሽቦ ይነካል።

ለጭቃ ግድግዳ ከላይ የሚለጠፍ ማብሪያ ይስማማዋል፤ ልስኑ አይቆፈርም። በጨርቅ የተሸፈነ ጥምዝ ሽቦ በፖርሴሊን መያዣዎች ላይ ሲዘረጋ ቀጥ ያለና ያልረገበ፣ መያዣዎቹም በእኩል ርቀት የተተከሉ ይሁኑ። ጨርቁ ግን መልክ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው መከላከያ አዲስ ሊሆን ይገባል፤ የጥንቱ ጎማ ሲደርቅ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ለውበት ሲባል አሮጌው ሽቦ ይቆይ የሚል ካለ፣ ኃይል የማያልፍበት ጌጥ ሆኖ ይቆይ።

ዘመድ ከውጭ ያመጣው ማብሪያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአሜሪካ የሚመጡት ብዙዎቹ ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ ጀርባው ላይ 250 ቮልት ካልተጻፈበት እዚህ አይገጠምም። ሣጥኑም ይለያያል፦ በአውሮፓው ክብ ሣጥን የብሎኖቹ ርቀት 60 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የአሜሪካው 83 ገደማ ነው። ሣጥኑን ሳይለውጥ በሙጫና በጄሶ ያስተካከለ ሰው ካለ ያስፈርሱት።

ብሎን ላይ ትንሽ ግትር ነኝ። ባለ መስቀል ራስ ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ስለሆነ፣ የ1920ዎቹን መልክ በያዘ ሽፋን ላይ ሳየው ያናድደኛል። ባለ አንድ መስመሩ ይግባ፤ መስመሮቹም ሁሉም ቀጥ ብለው ይቁሙ። ይህን ያስተካከለ እጅ ውስጡንም የማስተካከል ዕድሉ ሰፊ ነው።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ባለሙያው ብሬከሩን አጥፍቶ፣ በቴስተር አረጋግጦ፣ እርስዎ የመረጡትን አንድ ማብሪያ ይክፈትልዎ። ከመያዣው ውጭ የተራቆተ መዳብ መታየት የለበትም። ሽቦው ለወደፊት ጥገና የሚሆን ትርፍ ይኑረው፣ ቀስ ብለው ሲስቡትም አይንቀሳቀስ። ከተንቀሳቀሰ ሌሎቹም ሁሉ ይከፈቱ።