አውቆ አበድ

ለገጣፎ ታክሲ መሳፈሪያ አጠገብ ነው። ጎረምሶች አንድ ሰው ከበው «ያ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ ስንት እግር አለው?» ይሉታል። ኮስተር ብሎ «አምስት» ይላል። «ሁለትና ሁለትስ?» «ሦስት።» ሳቅ በሳቅ ሆነ። አንዲት እናት «ተዉት ልጆቼ» ቢሉ፣ ከጎናቸው ያለው ቀበል አድርጎ «ኧረ እማማ፣ አውቆ አበድ ነው እኮ!» አላቸው። እኛም ሳቅን፤ ታክሲው ሞላና ሄድን።

ቃሉ ግን አልለቀቀንም። ይህን ሰው በጽሑፍ ክበቦቻችን ስንት ጊዜ አግኝተነዋል! በምናነባቸው የተማሪ ተውኔቶች ውስጥ አውቆ አበድ አይጠፋም። ጸሐፊው ራሱ ለመናገር የፈራውን ይናገርለታል፤ ተመልካች ያጨበጭባል፤ ከዚያ ከመድረክ ይወርዳል። የት ያድራል? ምን ፈርቶ አበደ? ማንም አይጠይቅም። ሰው ሳይሆን ድምፅ ማጉያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1897 ዚግበርት ጋንዘር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስላያቸው እስረኞች በሀለ ከተማ ንግግር አድርጎ፣ በዓመቱ አሳተመው። እስረኞቹ ቀላል ጥያቄ ሲጠየቁ መልሱን ለጥቂት ይስቱታል። ጥያቄው እንደገባቸው ያስታውቃል፤ ቁጥር ሲጠየቁ የሚመልሱት ቁጥር ነውና። ቁጥሩ ግን ይዛነፋል። ነገሩ ማስመሰል ብቻ እንዳይባል፣ ንቃታቸው የደፈረሰ ነበር፤ የሌለ ነገር ያያሉ፣ ይሰማሉ፤ ገላቸው ቦታ ቦታ ይደነዝዛል፤ ሲሻላቸውም የሆነውን አያስታውሱም። ጋንዘር «ሕመም ነው» አለ፤ ሌሎች «ከቅጣት ለማምለጥ ነው» አሉ። በስሙ የሚጠራው ይህ ብርቅ ሕመም እስከ ዛሬ እንዳከራከረ ነው።

እኛ የለገጣፎውን ሰው ሕመም ከታክሲ መስኮት ልንመረምር አይቃጣንም። የምንለው፣ «አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ?» የሚለው ጥያቄ እንደምናስበው ቀላል አይደለም ነው።

በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም በአማርኛ ያወቅነውን «ሐምሌት»ን እንውሰድ። ልዑሉ በመጀመሪያው ገቢር እብድ እንደሚመስል ለወዳጆቹ ይነግራቸዋል። አውቆ አበድ ማለት ይኸው! ለፖሎኒየስ የሚመልሰውም ከጥያቄው ጎን ጎን የሚሄድ መልስ ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ገቢር ሌየርቲስን ይቅርታ ሲጠይቅ ጥፋቱን በእብደቱ ያሳብባል። እዚያ ላይ እያስመሰለ ነው ወይስ እውነቱን ነው? ሼክስፒር አይነግረንም። መሀል ላይ ደግሞ ኦፌልያን የምር ያሳብዳታል። ሐምሌትን ለሳቅ ብቻ የሚጫወት ተዋናይ ይህን ሁሉ ይጥለዋል።

ከሐምሌት በፊትም ዳዊት አለ። በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት ምራቁን በጢሙ ላይ እያዝረበረበ በሩን የቧጠጠው ነፍሱን ለማዳን ነው። ዳዊት፣ ሐምሌት፣ የጋንዘር እስረኞች፦ የሦስቱም እብደት ከኋላው ፍርሃት አለ። እንግዲህ ሐያሲም ሆነ ጸሐፊ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይዋሻል ወይ?» ሳይሆን «ምን ያስፈራዋል?» ነው ብለን እናምናለን። «አውቆ አበድ» የሚለው ቃል ጥፋቱ ይህን ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት መዝጋቱ ነው።

ከለገጣፎ ማዶ፣ ቡራዩ አጠገብ፣ ገፈርሳ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። ብዙዎቻችን ገፈርሳን የምናውቀው በግድቡ ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታልንም ስሙን የምናነሳው ለቀልድ ነው። በቀልድ የሚያውቃቸውን ሰዎች መድረክ ላይ የሚያወጣ ጸሐፊ ከዚያ ጎረምሳ በምን ይሻላል?

ለጸሐፊ ጓደኞቻችን የምንለው ይህ ነው፦ አውቆ አበዳችሁን አታስወጡት፤ ግን ማደሪያ፣ እናትና ፍርሃት ስጡት። እኛም በዚያ ታክሲ ውስጥ ስቀናልና፣ ነቀፋው ከራሳችን ይጀምር።